አንድ በሬና አራት ሊቃውንት

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዝናብ አስገድዶኝ ከአንድ ትንሽ ሻይ ቤት ገብቼ ነበር። ከጐኔ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ይከራከራሉ። ከአነጋገራቸው እንደ ተረዳሁት አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ሁለተኛው በቅርቡ ተቀጥሮ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የሚሠራ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው በማታው ትምህርት ታሪክ ለመማር አስቦ ኖሮ፥ ይህንኑ ጓደኛውን ቢያማክረው፥ ተማሪው ከት ብሎ ሳቀ። «ወንድሜ፥ ታሪክ እኮ የሞተ ሰው ጉዳይ ነው። እኔ የምማረው ሕክምና ሰው ያድናል፤ ታሪክ ማንን ያድናል? የዱር አውሬ ሲቈጥሩ የሚውሉትና የባላገር ወሬ ሲለቅሙ የሚኖሩትማ ጭራሽ ሥራ የፈቱ ናቸው» አለው። ጸሐፊውም የሚመልሰው አጥቶ የሻዩን ብርጭቆ ማሽከርከር ጀመረ።

ከበሩ አጠገብ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ክርክሩን ሲያዳምጡ ቈይተው፥ «ልጆቼ፥ በመካከላችን ገቡ አትበሉኝ» አሉ። «አያቴ ከክፉ ቀን የተረፉ ሰው ነበሩ። እስኪሞቱ ድረስ፥ የበሬ ዓይን ዕንባ ካቀረረ፥ ያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው ‹እንዲህ ነው የጀመረው› ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይናገሩም።» ወጣቶቹ «እሺ፥ አባባ» ብለው በትሕትና ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። ዝናቡም አባራ፤ ሁላችንም ተበታተንን።

እኔ ግን፥ አንባቢዎቼ፥ የዚያ ክርክር መልስ በእኒያ ሽማግሌ ቃል ውስጥ ተቀብሮ የቀረ መሰለኝ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምዴን ለእርሱ ሰጠሁት። የማወራችሁ ስለ አንድ በሬ ነው። የዚህን በሬ ገዳይ ይዞ ለመቅጣት ሐኪም ብቻውን አልበቃም፤ ታሪክ ጸሐፊው፥ አውሬ ቈጣሪውና የሕዝብን ኑሮ አጥኚው ሁሉ አስፈልገዋል። ነገሩን እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ፥ አራቱ ሙያዎች በአንድ ቀንበር ሥር እንዴት እንደ ገቡ ታያላችሁ። ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ «ዓ.ም.» እልበታለሁ።

የበሬው ሞት

በ1887 ኢጣልያኖች ምጽዋን ይዘው ወደ ደጋው ለመውጣት ይዘጋጁ ነበር። እንደሚታመነው፥ ለወታደሮቻቸው ከህንድ አገር በመርከብ ካስመጡት ከብት ጋራ አንድ የማይታይ እንግዳ አብሮ ከወደቡ ወረደ። ይህም እንግዳ የከብት ወረርሽኝ ነው። በሀገራችን ባላገሩም የከብት ሐኪሙም «ደስታ» ይለዋል፤ ስሙና ግብሩ ይህን ያህል የተራራቀ በሽታ እኔ አላውቅም። ከብቱን መጀመሪያ ትኵሳት ይይዘዋል። ከዚያ ዓይኑና አፍንጫው ይፈስሳል፤ አፉ ውስጥ ይቈስላል፤ መብላት ያቅተዋል፤ ብርቱ ተቅማጥ ይከተላል። ከሳምንት ወይም ከ10 ቀን በኋላም ይወድቃል። የሽማግሌውን አያት ቃል አስታውሱ፤ የበሬው ዕንባ ተረት አይደለም። ከበሽታው ምልክቶች አንዱ ነው።

የኢትዮጵያ ከብት ይህን በሽታ ከዚያ በፊት አያውቀውም ነበርና የሚቋቋምበት ኃይል አልነበረውም። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች እንደ ጻፉት፥ በብዙ ስፍራ ከ10 ከብት 9ኙ አለቀ። ነገር ግን በሬ ሲሞት ሰው ለምን ይሞታል? የከተማ ልጅ የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን ልትጠይቁ ትችላላችሁ። መልሱ ቀንበር ነው። ደገኛው ገበሬ መሬቱን የሚያርሰው በጥማድ በሬ ነው። በሬው ከሌለ፥ ዝናብ ቢዘንብም፥ ዘር በጐተራ ቢኖርም፥ ማሳው ጦም ያድራል። ያ አልበቃ ብሎ በ1888 ዝናቡ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ያለውን እህል በሉት። እስከ 1892 ድረስ የቈየው ይህ መከራ ነው፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ማለት ነው፥ በሽማግሌዎች አፍ «ክፉ ቀን» የሚባለው። አጤ ምኒልክ በሬ ያጣው ሕዝብ በእጁ እንዲቈፍር አዝዘው፥ ለምሳሌ ይሆን ዘንድ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቈፍረዋል። ንጉሠ ነገሥት ዶማ ሲይዝ፥ የጥማድ በሬ ዋጋ ምን እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ታሪክ ጸሐፊው

«ታሪክ ማንን ያድናል?» ላለው ተማሪ የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ ነው። በክፉ ቀን ዘመን የሞት መዝገብ የሚይዝ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ታዲያ ምን እንደ ደረሰ በምን ዐወቅን? የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች፥ ሚሲዮናውያን፥ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች እየራሳቸው ያዩትን ጽፈው ነበር፤ ጽሑፋቸው ግን በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት ተበታትኖ ቀረ። ይህን ለቅመው ካመሳከሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። እኒህ ሰው በ1963 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተር ነበሩ። ስለ ክፉ ቀን በ1966 ያወጡት ጽሑፍ የት እንደ ታተመ ብነግራችሁ ያ የሕክምና ተማሪ ይደነግጣል፤ የታተመው በሕክምና ታሪክ መጽሔት ላይ ነበር!

ታሪክ ጸሐፊው ወሬ ለቃሚ ብቻ አይደለም፤ ዳኛም ነው። በዘመኑ የነበሩ አንዳንድ ሰዎች «የኢትዮጵያ ሕዝብ ሲሶው አለቀ» ብለዋል። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ነገር ግን ሕዝቡ በፊትም በኋላም ተቈጥሮ ስላልነበረ፥ ጥንቁቅ ሊቅ ቃሉን «እንዲህ ተብሏል» ብሎ ይጽፈዋል እንጂ እንደ ተረጋገጠ ቍጥር አድርጎ አያስቀምጠውም። አበው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚሉት ማስረጃ በሌለበት ማስረጃ መፈለግን ለመንቀፍ ነውና፥ ይህ ተረት የታሪክ ሰው መመሪያ ሊሆን ይገባዋል።

ደግሞም ታሪክ ጸሐፊው ሌሎች ለየብቻ ያዩትን ነገር ጐን ለጐን ያስቀምጣል። አጤ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት 1889 ነው። ኢጣልያኖች አሥመራን የያዙትም በዚያው ዓመት ነው። ያን ጊዜ የሰሜኑ ሰው በሬው ሞቶበት፥ ጐተራው ባዶ ሆኖ፥ ቀዬውን ትቶ እህል ፍለጋ ይሰደድ ነበር። ጦርነቱን የሚያውቅ፥ ረኃቡን ግን የማያውቅ ሰው፥ የዚያን ዘመን ፖለቲካ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሐኪሙ

በሽታው በኢትዮጵያ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ የምሥራቅ አፍሪካን አርብቶ አደሮች ከብት ፈጀ። ማሳዮች ያን ዘመን «ኤሙታይ» ብለው ሰየሙት፤ ፈጽሞ ማለቅ ማለት ነው። በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በ1897 የአፍሪካ ጫፍ ደረሰ። ስመ ጥሩው ጀርመናዊ ሐኪም ሮበርት ኮኽ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጠራ። እርሱም በበሽታው ከሞተ ከብት ሐሞት እየወሰደ ጤነኛውን በመውጋት ጥቂት ለመከላከል ሞከረ። ይሁንና የበሽታው መንሥኤ ምን እንደ ሆነ ገና አልታወቀም ነበር። በ1902 ሞሪስ ኒኮልና አዲል ቤይ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በእስታንቡል ከታመመ ከብት የወሰዱትን ፈሳሽ፥ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጠለሉት። የተጠለለውም ፈሳሽ ጤነኛውን ከብት አሳመመው። ከባክቴሪያ ያነሰ ገዳይ እንዳለ በዚህ ታወቀ፤ ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው።

እዚህ ላይ፥ ሕክምና ለምትማሩ አንባቢዎቼ፥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። የዚህ የከብት ቫይረስ የቅርብ ዘመድ የልጆቻችን ኩፍኝ ነው። ሁለቱ መቼ እንደ ተለያዩ ለማወቅ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። በ1912 በበርሊን አንዲት የ2 ዓመት ሕፃን በኩፍኝ ሞታ፥ ሳንባዋ በፎርማሊን ተነክሮ በሕክምና ታሪክ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ነበር። ከ100 ዓመት በላይ ማንም አልነካውም። ከዚያ ተመራማሪዎች ከዚያ ሳንባ የቫይረሱን የዘር ጽሕፈት አንብበው፥ ከኋለኛው ዘመን ኩፍኝና ከከብቱ ቫይረስ ጋራ አመሳከሩት። በ2020 ባወጡት ጽሑፍ ሁለቱ ቫይረሶች የተለያዩት ምናልባት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹ። የኩፍኝን ዕድሜ የነገረን አንድ ያልተጣለ ብርሌ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ክትባቱ እንለፍ። እንግሊዛዊው የከብት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ከጓደኞቹ ጋራ በኬንያ ሙጉጋ በተባለ ስፍራ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ላይ እያራባ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው 90 ጊዜ ያህል አሸጋገረው። ቫይረሱ ከብዙ መሸጋገር የተነሣ ክፋቱን ረሳ፤ ከብቱን ሳያሳምም፥ በአንድ መርፌ ብቻ ለዕድሜ ልክ የሚጠብቅ ክትባት ሆነ። ፕላውራይትም ስለዚህ ሥራው በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጠው። አስተውሉ፤ ለከብት ሐኪም የተሰጠው ሽልማት የምግብ ሽልማት ነው። ሸላሚዎቹ የቀንበሩን ነገር ዐውቀውታል ማለት ነው።

አውሬ ቈጣሪው

ወረርሽኙ የገደለው የቤት ከብት ብቻ አይደለም። ጎሹ፥ ቀጭኔው፥ ሌላውም ሰኮናው የተሰነጠቀ አውሬ በየዱሩ አለቀ። ስለዚህም ብዙ ዘመን የከብት ሹሞች አውሬውን ይጠረጥሩት ነበር። «እኛ ከብቱን ብንከትበው ምን ይጠቅማል? በሽታው በዱር ተደብቆ ይመለሳል» ይሉ ነበር። አውሬው፥ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ልናገርና፥ ክስ ተመሥርቶበት ነበር፤ የመከላከያ ምስክር ግን አልተሰማለትም።

ምስክሩ የመጣው ያ ተማሪ ሥራ ፈት ካላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። በታንጋንይካ፥ የዛሬዋ ታንዛንያ፥ ሴሬንጌቲ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። በዚያ ሜዳ ፈረንጆች ዊልድቢስት የሚሉት፥ ቀንዱ የከብት፥ ጋማው የፈረስ፥ ጢሙ የፍየል የሚመስል አውሬ በመንጋ ይኖራል። ጀርመናዊው በርንሃርት ጊርዚሜክና ልጁ ሚኻኤል እንደ ሜዳ አህያ በተዥጐረጐረች ትንሽ አውሮፕላን በ1958 በሜዳው ላይ እየዞሩ አውሬውን ቈጠሩ። በጥር ወር 1959 አውሮፕላኗ ከጥንብ አንሣ ጋራ ተጋጭታ ወደቀችና ልጁ ሞተ፤ የተቀበረውም በንጎሮንጎሮ አፋፍ ላይ ነው። አውሬ መቍጠር ሥራ መፍታት ነው የሚል ሰው ይህን መቃብር ቢያይ አይከፋም።

ቈጠራው ግን አልቆመም። በ1961 የዊልድቢስቱ ቍጥር 260 ሺህ ያህል ነበር። ያን ጊዜ በሜዳው ዙሪያ ያለው የአርብቶ አደሮች ከብት እየተከተበ ነበር። ለአውሬው ማንም መርፌ አልወጋውም። ይሁን እንጂ በ1963 ገደማ ግልገሎቹን በየዓመቱ ይጨርስ የነበረው በሽታ ጠፋ፤ በ1977 ሲቈጠር አውሬው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ፍርዱ ተገለበጠ። ከብቱን ያሳምም የነበረው አውሬው አልነበረም፤ አውሬውን ያሳምም የነበረው ከብቱ ነው። ይህ ፍርድ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በሽታው በዱር የማይኖር ከሆነ፥ ከብቱን ሁሉ መከተብ ቢቻል ከምድር ላይ ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ያን ተስፋ የሰጡት ቈጣሪዎች ናቸው።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። መንጋው ሲበዛ ሣሩ ተበላ፤ ሣሩ ሲበላ በየዓመቱ ሜዳውን የሚያቃጥለው እሳት ቀነሰ፤ እሳቱ ሲቀንስ ዛፍ በቀለ። በላም ጫንቃ ላይ የተወጋ መርፌ ዛፍ አበቀለ ቢባል ማን ያምናል? ቈጥሮ የጻፈ ሰው ባይኖር ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ልማድ አጥኚው

ክትባቱ ነበረ፤ ተስፋውም ነበረ። ከ1962 እስከ 1976 ድረስ ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ተባብረው በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አስከተቡ። በሽታው ሊጠፋ ተቃረበ። ድሉ ሲቃረብ ግን ክትትሉ ላላ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታው እንደ ገና አገረሸ። የተረፈበት ስፍራ መንገድ በሌለበት፥ የመንግሥት መኪና በማይደርስበት፥ ሙቀቱ በሚያቃጥልበት ቆላ ነው። ከእነዚህም አንዱ የአፋር ምድር ነበር።

የፕላውራይት ክትባት ከቅዝቃዜ ከወጣ ይበላሻል። በአፋር በረሓ በረዶ ከየት ይመጣል? ጄፍሪ ማሪነር የተባለ አሜሪካዊ የከብት ሐኪም ከጓደኞቹ ጋራ ክትባቱን አድርቆ የሚያዘጋጅበትን ዘዴ አሻሽሎ፥ ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ወር ያህል የሚቈይ አደረገው። ግማሹ ችግር በዚህ ተቃለለ። ሌላው ግማሽ የሰው ነገር ነው። መንጋው የት ነው? በየትኛው ወር በየትኛው ውሃ ይሰበሰባል? ለማን ሲሉ ከብታቸውን አሰልፈው ያቀርባሉ? ይህን ከከተማ የመጣ ሐኪም አያውቀውም፤ እረኛው ግን ያውቀዋል። ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአርብቶ አደሩ መካከል ማኅበረሰቡ ራሱ የመረጣቸው ሰዎች ሠልጥነው፥ ክትባቱን ይዘው በእግራቸው ከመንጋው ጋራ ሄዱ። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው።

የከብት ሐኪሞቹም ከዚህ አንድ ትምህርት ተማሩ። ከአርብቶ አደር ጋራ ቁጭ ብለው፥ ልክ እንደ ልማድ አጥኚ፥ ይጠይቁ ጀመር። «ይህ በሽታ አለባችሁ ወይ?» አይሉም። «እስቲ ከብቶቻችሁ የታመሙትን ሁሉ አጫውቱን» ይላሉ። «ዓይኑ የሚያለቅስ፥ አፉ የሚቈስል፥ የሚያስቀምጠው ከብት ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው?» ሽማግሌውም ዘመኑን በድርቁ፥ በጦርነቱ፥ በልጁ ልደት እየቈጠረ ይነግራቸዋል። አርብቶ አደር ለየበሽታው የየራሱ ስም አለው፤ ስሙንም የሰጠው ምልክቱን አይቶ ነው። በሽታው የመጨረሻ ጊዜውን በተደበቀበት በሶማሊያና በኬንያ ወሰን አካባቢ ከላቦራቶሪው ምርመራ ጋራ ሐኪሞቹን የመራቸው እንዲህ ያለ ጨዋታ ነበር። የሻይ ቤቱ ሽማግሌ አያት በዚያ ዘመን ቢኖሩ፥ እኒያ ሐኪሞች «እሺ፥ አባባ» ብለው አያልፏቸውም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይጽፉ ነበር።

በ2001 በኬንያ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ጎሽ ላይ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ ተገኘ። ከ10 ዓመት ክትትል በኋላ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ለዓለም ተነገረ። የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። ቫይረሱ ዛሬ የሚገኘው በጥቂት በተቈለፉ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ነገር እንዲጠብቁ በዓለም ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ በእኛው ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። በምጽዋ የገባው እንግዳ፥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲገድል ኖሮ፥ ዛሬ በቢሾፍቱ በዘበኛ ይጠበቃል።

የቆሎው ወረቀት

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከጥቂት ወራት በፊት ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዝቼ ስሄድ፥ ቆሎውን በልቼ ስጨርስ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግቼ አየሁት። በእጅ የተጻፈ፥ ማኅተም ያለበት፥ የአንድ ወረዳ የከብት ቈጠራ ነበር። ስመ ቀበሌው በግራ፥ የበሬውና የላሙ ቍጥር በቀኝ፥ በሥርዓት ተሠምሯል። የጸሐፊው እጅ ጽሕፈት እንዴት ያለ ነበር! ወደ ቆሎ ሻጯ ተመልሼ «እናቴ፥ ይህን ወረቀት ከየት አገኙት?» ብላቸው፥ «ልጄ፥ በኪሎ ነው የምንገዛው» አሉኝ። የቀረውን ብጠይቅ ተጠቅልሎ ተሽጦ አልቋል። ያን መዝገብ ያወጣውን መሥሪያ ቤት ስም እዚህ አላነሣም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ያ ወረቀት ምን ሊነግረን ይችል እንደ ነበር አሁን ማንም አያውቅም። የበርሊኗን ሕፃን ሳንባ የያዘውን ብርሌ አንዱ ትጉህ ሠራተኛ «ቦታ ያጣብባል» ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮም እንዲሁ ምን እንደ ጐደለን አናውቅም ነበር። ይህ ነው የሚያስፈራው፤ የተጣለ ማስረጃ አይጮኽም።

ስለዚህ፥ አንባቢዎቼ፥ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። በመሥሪያ ቤት ያላችሁ፥ «አሮጌ ወረቀት አስወግዱ» የሚል ትእዛዝ በደረሳችሁ ጊዜ፥ ከማስወገዳችሁ በፊት «ይህን መጀመሪያ የሚያየው ሰው አለ ወይ?» ብላችሁ አለቃችሁን በአክብሮት ጠይቁ። ወመዘክር የተባለው ቤት ያለው ለዚህ ነው። ትእዛዝ መፈጸም ግዴታችሁ ነው፤ መጠየቅ ግን አይከለከልም። የሁለተኛው ልመናዬ ለሁላችሁም ነው። በሚመጣው በዓል ወደ ዘመድ ስትሄዱ ደብተር ያዙ። ከአያታችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ፥ ስለ ከብት በሽታ፥ ስለ አንበጣ፥ ስለ ጠፋ ምንጭ፥ አጫውቷቸው። የነገሯችሁን ቃል በራሳቸው አነጋገር ጻፉ፤ ቀኑንና አገሩን ከላይ አስፍሩ። ሊቅ ለመባል አይደለም፤ ሊቁ ሲመጣ የሚያነብበው ነገር እንዲያገኝ ነው።

ሦስተኛው ልመናዬ ለተማሪዎች ነው። የምትገቡበትን ፋኩልቲ ስትመርጡ የሌላውን አትናቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ከላይ እንዳያችሁት፥ ከአንበሳ የከፋውን ያሰረው ይኸው ድር ነው። የሕክምና ተማሪ ከሆናችሁ አንድ የታሪክ ተማሪ ጓደኛ ያዙ። የታሪክ ተማሪ ከሆናችሁም ስለ ቫይረስ ለመጠየቅ አትፈሩ። ሁለታችሁም ከአንድ እረኛ ጋራ ለመቀመጥ አትፈሩ።

በዚያ ሻይ ቤት የነበርከው ወጣት ጸሐፊ፥ ይህን ጽሑፍ ምናልባት ታነብበው እንደ ሆነ፥ የማታውን ትምህርት ተመዝገብ። ጓደኛህም «ታሪክ ማንን ያድናል?» ብሎ ቢጠይቅህ፥ ብርጭቆ አታሽከርክር፤ የበሬውን ዕንባ ንገረው። ከሁሉ በፊት ግን ሁለታችሁም ተያይዛችሁ ወደዚያ ሻይ ቤት ተመለሱና እኒያን ሽማግሌ ፈልጓቸው። ሻይ ጋብዟቸውና «አባባ፥ አያትዎ ሌላስ ምን ይሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ዛሬ ቅዳሜ ከሆነ ዛሬውኑ ሂዱ።